ካህን ነኝ ያለው ጫማ ሰፊ

በጄርባ ደሴት በትንሹ የአይሁድ ሰፈር ካህን ያልሆነ ሰው የፈለገ ጫማ ሰፊው ሳሲ ጋ መሄድ ነበረበት፤ ሌላ የለም። ዳቦ ጋጋሪው ካህን ነው፤ ዓሣ ሻጩ ካህን ነው፤ ብር አንጥረኛው ካህን ነው፤ ብር አንጥረኛውን ካኮረፈ ዓመታት ያለፉት ጎረቤቱም ካህን ነው። ክህነቱ ከአባት ለልጅ የሚወረስ ነው፤ አባቶቻቸው በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደሱ ሲቃጠል ከእሳቱ መሃል አንድ በር ተሸክመው በባሕር አመለጡ፤ በሩንም እዚህ ደሴት ላይ አራገፉት፤ ምኩራቡ ሲሠራም ግድግዳው ውስጥ ቀበሩት ይባላል። በሩን ያየው የለም፤ የሚጠራጠረውም የለም። ወንዶቹ ለዚያ ቤት ሐዘን እስከ ዛሬ በሱሪያቸው ጫፍ ላይ ጥቁር ጥለት ይሰፋሉ። ሽማግሌዎቹ ስለ ቃጠሎው ሲያወሩ የትናንት ይመስላል፤ የማን አባት ውሃ አቀበለ፣ የማን አባት ቆሞ አየ እየተባባሉ ይጣሉበታል።

ታዲያ ሁሉም ካህን የሆነበት ሰፈር ኑሮው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ኦሪት ሲነበብ በመጀመሪያ ለማንበብ የሚነሣው ካህን ነው፤ ከዚያ ሌዋዊ፤ ከዚያ ካህን ያልሆነው ጨዋ። ሁሉም አንደኛ ከሆነ ማን ሁለተኛ ይሆናል? አንዱ ተጠርቶ ሌላው ሲቀር ቂም ይያዛል፤ ቂሙም ከሰንበት እስከ ሰንበት ሲቦካ ይሰነብታል። አንድ ጊዜማ መጽሐፉ ፊት ጢም ለጢም ተያይዘው ሴቶች ከደጅ ገብተው ገላግለዋቸዋል።

ለዚህም ሕጉ መላ አላጣም። ሁሉም ካህን በሆነበት ከተማ አንድ ጨዋ ከተገኘ፣ ስለ ሰላም ሲባል መጀመሪያ የሚነሣው እሱ ነው ይላል። ካህን በካህን ይቀናል እንጂ በጫማ ሰፊ አይቀናማ። ስለዚህ የሰፈሩ አለቃ ረቢ ኻሙስ በደሴቲቱ ወዳለው ወደ ትልቁ ሰፈር ላኩና አንድ ጨዋ ስጡን አሉ። የትልቁ ሰፈር ሰዎች በልጅነቱ ከትሪፖሊ በመርከብ የመጣ፣ ዘመድ የሌለው፣ ቢሄድ ማንም የማያለቅስለት ጫማ ሰፊ ነበራቸው። እሱን ላኩላቸው።

ሳሲ መጀመሪያ ሰሞን ያፍር ነበር። ንባቡ ደካማ ነበርና ረቢ ኻሙስ በየሐሙሱ ማታ ቤታቸው አስጠርተው፣ አንዱን ቃል እየደጋገሙ፣ ሳይቆጡ አስጠኑት። ሳይቆጡ መባሉ ቀላል ነገር አይደለም፤ እኚህ ሰው ድመት እንኳ አጠገባቸው ስታልፍ ይቆጣሉ። ሳሲ ይህን ውለታ አልረሳም።

ንባቡ ካለቀ በኋላ ደግሞ ቡራኬው አለ። ካህናቱ ጫማቸውን ከአግዳሚው ሥር አውልቀው መድረኩ ላይ ይወጣሉ፤ መጎናጸፊያቸውን በራሳቸው ላይ ጥለው እጃቸውን ወደ ሕዝቡ ይዘረጋሉ። ሕዝቡ ሳሲ ነው። ሰፈሩ በሙሉ እላይ፣ እሱ ብቻውን እታች። በዚያ ሰዓት የካህናቱን እጅ ማየት ነውር ስለሆነ ዓይኑን ይሰብራል፤ ዓይኑን ሲሰብር ደግሞ የሚያየው ጫማቸውን ነው። ይባርክህ ሲሉት አሜን፣ ይጠብቅህ ሲሉት አሜን እያለ፣ የጋጋሪው ተረከዝ እንደተበላ፣ የዓሣ ሻጩ ስፌት እንደለቀቀ ልብ ይላል። ያን ሁሉ በረከት ብቻውን እየተቀበለ ለምን እስካሁን ድሃ እንደሆነ ግን ራሱንም ግራ ይገባው ነበር።

ሦስተኛው ሥራው ሬሳ ነው። ካህን ለሥጋ ዘመዱ ካልሆነ በቀር ሬሳ ያለበት ቤት አይገባም። ቤቶቹ ጣሪያ ለጣሪያ የተያያዙ ስለሆኑም፣ አንድ ሰው ማጣጣር ሲጀምር ጎረቤት ሁሉ የያዘውን ጥሎ ወደ መንገድ ይወጣል፤ ሳሲ ደግሞ ወደ ውስጥ ይገባል። ዓይን ይከድናል፣ አገጭ ያስራል፣ ቀባሪዎቹ ከትልቁ ሰፈር እስኪመጡ ከሟቹ ጋር ቁጭ ይላል። ረቢ ኻሙስ ከመንገዱ ማዶ ቆመው በመስኮቱ በኩል "ቀስ በል፣ ቀስ አድርገህ" እያሉ ይጮኹለታል።

ሳይሞቱም የሚያስጠሩት ነበሩ። የጋጋሪው እናት እማማ ቱሚያ በየክረምቱ ሊሞቱ ይተኛሉ፤ ሳሲን ያስጠሩና እጁን ይዘው "አንተ ብቻ ነህ የማትሸሸኝ" ይሉታል። ከዚያ ሾርባ ጠጥተው ይነሣሉ።

እንዲህ እያለ ስምንት ዓመት ሆነው። ሰው ነውና ክብሩ ትንሽ ትንሽ ራሱ ላይ ወጣ። ወደ ምኩራብ ሲሄድ መዘግየት ለመደ፤ እሱ ካልደረሰ መጽሐፉ እንደማይከፈት ያውቃላ። ካህናቱ በር በሩን እያዩ ሲቁነጠነጡ፣ እሱ መንገዱ ጥግ ላይ ቆሞ ቀበቶውን ያስተካክላል።

የረቢ ኻሙስ ልጅ መይሳ የተመለሰችው በዚህ ጊዜ ነው። ጋቤስ ለሚኖር አንድ ነጋዴ፣ ለዚያውም ለካህን፣ ድረዋት ነበር። ሰውየው ፈታትና የፍቺ ወረቀቷን ይዛ አባቷ ቤት ገባች። ካህን ደግሞ የተፈታች ሴት አያገባም፤ ከቤተ መቅደሱ ዘመን ጀምሮ እንዲህ ነው። በዚህ ሰፈር ወንዱ ሁሉ ካህን ነው። ስለዚህ መይሳ በሠላሳ ዓመቷ፣ ከነመልኳና ከነምላሷ፣ የአባቷን ሱሪ ጥለት እየሰፋች ልታረጅ ነው ብሎ ሰፈሩ ሁሉ አዘነላት።

መይሳ ግን ቁጥር ታውቃለች። በሰፈሩ ካህን ያልሆነ አንድ ሰው እንዳለ ለማወቅ ብዙ አላሰበችም።

"ደግሞ ተበጠሰ?" ይላታል ሳሲ፣ ሸበጧን ተቀብሎ።

"ደግሞ።"

"ባለፈው በድርብ ክር ነው የሰፋሁት እኮ።"

"እንግዲህ ክርህ ሌባ ነው።"

የተበጠሰው ጠርዝ በቢላ እንደተቆረጠ ጫማ ሰፊ አያጣውም። ሳሲ ዝም ብሎ ይሰፋዋል፤ እሷም እስኪጨርስ በርጩማው ላይ ተቀምጣ የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ ታማለታለች። በሕይወቱ እንደዚያ ስቆ አያውቅም። ሸበጡ በቆየ ቁጥር ብዙ ስለሚስቅ፣ ስፌቱን ሆን ብሎ ያንቀራፍፈው ጀመር። እንደወደዳት ያወቀው አንድ ሳምንት ሸበጡ ሳይበጠስ በቀረ ጊዜ ነው።

አንድ ቀን ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ ረቢ ኻሙስ ቤት ሄደ። ረቢው መጽሐፍ ላይ እንዳቀረቀሩ አዳመጡት።

"ልጄን?"

"አዎ ረቢ።"

"አንተ?"

"አዎ ረቢ።"

ረቢ ኻሙስ መነጽራቸውን አወለቁ። "ስማኝ ሳሲ። የእኔ አባቶች እሳት እየነደደባቸው የቤተ መቅደሱን በር በትከሻቸው ተሸክመው ወጥተዋል። ያንተ አባቶች ምን ተሸከሙ?"

ሳሲ የሸሚዙን እጅጌ ጎተተ።

"የካህን ልጅ ለጨዋ ስትሰጥ ትዳሩ አይጠናም ብለዋል አበው" አሉና መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ።

ለካህን ሲሰጧትስ መች ጠና? ይህ መልስ ለሳሲ የመጣለት በሩ ከኋላው ከተዘጋ በኋላ ነው። ንባብ ያስጠኑት፣ አባቴ ብሎ ሊጠራቸው የተዘጋጀው ሰው ናቸው እንዲህ ያሉት። ረቢውም ከዚያ ቀን ወዲህ ጫማቸውን ለሳሲ መስጠት ተዉ፤ የቀኝ ጫማቸው ሶል አፉን ከፍቶ በሲባጎ ታስሮ ይታይ ጀመር።

ረቢ ቤት የተነገረ ነገር እዚያው አይቀርም። ብር አንጥረኛው ፍራጂ የልጅ ልጁን ባስገረዘበት ዕለት ድግሱ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ተሰበሰበ፤ ኩስኩሱ በትሪ በትሪ ቀረበ፣ የበለስ አረቄው ዞረ። ፍራጂ አረቄ ሲቀምስ ተጫዋች ነኝ ብሎ የሚያምን ሰው ነው።

"ሳሲ ወንድሜ" አለ፣ ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ፣ "ቤተ መቅደሱ ሲቃጠል ያንተ አባቶች ምን ተሸከሙ አሉ? ወስፌ?"

ሰዉ ሳቀ። ዓሣ ሻጩ "ኧረ ሙጫውንም አልረሱም" ብሎ ጨመረበት። ሳሲ ወደ ረቢ ኻሙስ አየ። እሳቸው አልሳቁም፤ ግን ዝም በሉም አላሉም። መይሳ የኩስኩስ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ይህን ሁሉ እሷ ማየቷ ነው ሳሲን ያሳበደው።

ተነሣና "የእኔም አያት ካህን ነበር" አለ። "ትሪፖሊ ውስጥ መድረክ ላይ ወጥቶ ሲባርክ በዓይኔ አይቼዋለሁ። እኔም ካህን ነኝ። ዝም ያልኩት ለእናንተ ሰላም ብዬ ነው።"

ነጭ ውሸት ነው። አያቱ ጫማ ሰፊ ነበሩ፤ ዕድሜ ልካቸውን ከካህንና ከሌዋዊ በኋላ ተነሥተው፣ በሚያስቀይም ድምፅ አንብበው የተቀመጡ ሰው ናቸው። ግን የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሳቁ ጸጥ አለ፤ ሳሲም ለአንድ አፍታ ደስ አለው።

ረቢ ኻሙስ ቀና ብለው ተቀመጡ። "ሳሲ፣ ምን አልክ?"

"ካህን ነኝ አልኩ።"

"ሰማችሁ?" አሉ ወደ ሰዉ ዞረው። ሁሉም ሰማን አለ።

"እንግዲያው ሕጉ ግልጽ ነው። ያለ ምስክር ካህን ነኝ ያለ ሰው፣ ክብሩን አናምነውም፤ መድረክ አይወጣም፣ አይባርክም። ክልክሉን ግን እናምነዋለን፣ በገዛ አፉ ራሱን አስሯልና። ጨዋ አይደለሁም ብሏልና አንደኛ አይነሣም። ሬሳ ያለበት ቤት አይገባም። የተፈታች..." እዚህ ላይ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "የተፈታች ሴት አያገባም።"

መይሳ ትሪውን መሬት ላይ አስቀምጣ ወጣች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለውን ሳሲ ከልጅነቱ ጀምሮ ይሰማው ነበር፤ የተባለው ለእሱ መሆኑን ያወቀው ግን ገና አሁን ነው።

በሚቀጥለው ሰንበት ወደ ምኩራብ በጊዜ ሄደ፤ የሚጠብቀው አልነበረም። መጽሐፉ ሲከፈት ፍራጂና ጋጋሪው እኩል ደረሱ። አንዱ የመጽሐፉን ጥቅል የቀኝ እጀታ፣ ሌላው የግራውን ያዘ።

"ልቀቅ፤ የእኔ አያት በሩን ከፊት ነው የተሸከመው" አለ ፍራጂ።

"ከፊት የሆነውማ ቀድሞ ሊሸሽ ነው" አለ ጋጋሪው።

መጽሐፉ ለሁለት ሊከፈል ምንም አልቀረው። ለስምንት ዓመት የተኛው ቂም ሁሉ በአንድ ጠዋት ነቃ፤ ከሰዓት በኋላ ላይ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሰፈር ከቀሪው ጋር አይነጋገርም ነበር።

ቡራኬውም ከዚያ አልተሻለም። ሁሉም ወጥተው እጃቸውን ሲዘረጉ ከታች ያለው ባዶ አግዳሚ ነው። ሳሲ ለባራኪነትም ለተባራኪነትም ስላልሆነ በሩ ውጭ ቆሟል። ሕዝብ ከሌለ ቡራኬው መስክ ላይ ላሉ ወንድሞቻችን ይደርሳል ብለው ረቢው ሊያጽናኑ ሞከሩ።

"መስክ ላይ ያለችው የእኔ ፍየል ብቻ ናት" አለ ዓሣ ሻጩ።

በዚያው ሳምንት እማማ ቱሚያ ተኙ። በዚህኛው ክረምት ነገሩ የምር ይመስል ነበር፤ ትንፋሻቸው ተቆራረጠ። ጎረቤቶች እንደ ደንቡ እየተጣደፉ ወደ መንገዱ ወጡ፣ ዝናቡም ወረደባቸው። አንድ ቀን አደሩ፣ ሁለተኛውን ደገሙት።

"ሳሲን ጥሩልኝ" አሉ እማማ ቱሚያ።

"እማዬ፣ ሳሲ ካህን ነኝ ብሏል፤ አይገባም" አላቸው ልጃቸው ጋጋሪው። "እኔ ልጅሽ ነኝ፤ ለእኔ ተፈቅዶልኛል። እኔ ዓይንሽን እከድናለሁ።"

"በሊጥ እጅህ? ሳሲ ካልመጣ አልሞትም።"

መንገድ ላይ የቆሙት ይህን ሲሰሙ ደስ ይበላቸው ይዘኑ አላወቁም። እሳቸው አይሞቱም፤ እነሱም ቤታቸው አይገቡም። ፍራጂ ጃንጥላ ከፍቶ "ይኼ ሁሉ በማን ምክንያት ነው?" ሲል፣ አጠገቡ የነበሩት ሁሉ እሱኑ አዩት።

ሳሲ ሱቁን ዘግቶ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አሮጊቷ ሲጠሩት መቅረቱ ከሁሉ በላይ አሳፈረው። በሩ ተንኳኳ፤ መይሳ ነበረች። ሸበጧ እግሯ ላይ ነው።

"ዛሬ ደህና ነው ሸበጡ?"

"እሱማ ደህና ነው" አለችና ሳትቀመጥ ቆመች። "አንዱ ካህን አገባኝና ፈታኝ። በዚህ ደሴት ጫፍ ላይ ካህን ያልሆነ አንድ ወንድ አገኘሁ ስል፣ እሱም ካህን ሆኖ ቁጭ አለ። ምን አድርጌህ ነው?"

"አባትሽ ሲያዋርዱኝ..."

"አባቴ ያላዋረደው ማን አለ? ድመቷን እንኳ ዘርሽ ከየት ነው ይላታል።"

ሳሲ ቀና ብሎ አላያትም። "አሁን እንግዲህ ምን ላድርግ?"

"መውጫ አለው። አባቴ ለተማሪዎቹ ሲያስረዳ ከወጥ ቤት ሆኜ ሰምቻለሁ። በጉባኤ ፊት ቆመህ፣ ለምን እንደዋሸህ ተናግረህ፣ ምክንያትህ ካሳመነ ትፈታለህ።"

"በጉባኤ ፊት? አንቺን ጠይቄ እንደተባረርኩ? ፍራጂ እየሰማ? መሞት ይሻለኛል።"

"መሞትማ አትችልም። አንተም ካህን፣ እነሱም ካህን። ማን ገብቶ ዓይንህን ይከድንልሃል?"

ሳሲ ሳይወድ በግድ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። "ሳሲ፣ ሸበጥ መቁረጥ ሰልችቶኛል" አለችው። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ "የአባቴን ስም መጥራት ሊኖርብህ ነው" አለችና ሄደች።

እሱ ነው ችግሩ። ሰውን በጉባኤ ፊት ያሳፈረ ደሙን እንዳፈሰሰ ይቆጠራል፤ ይህን ለሳሲ ያስተማሩት ራሳቸው ረቢ ኻሙስ ናቸው። በእነዚያ የሐሙስ ማታዎች፣ አንዱን ቃል አሥር ጊዜ ሲሳሳት ሳይቆጡት። ሲያገላብጠው ከረመ፤ ሐሙስ ጠዋት ግን ተነሥቶ ሄደ።

ሐሙስ ኦሪት ይነበባል። ጸሎቱ አልቆ መጽሐፉ ሳይወጣ ሳሲ ከበሩ ውጭ ቆይቶ ገባና መሃል ላይ ቆመ። ካህናቱ ሁሉ ዞሩ፤ ሴቶቹም ከመጋረጃው ጀርባ ተጠጉ።

"ካህን አይደለሁም። ዋሽቼ ነው" አለ።

"እፎይ" አለ ዓሣ ሻጩ።

"እፎይ አይባልም" አሉ ረቢ ኻሙስ። "ሰው ሲያሻው ካህን፣ ሲያሻው ጨዋ አይሆንም። ያለ ምክንያት ሰው በራሱ ላይ አይዋሽም። ለምን ዋሸህ?"

"ሰው አዋረደኝ። ተናደድኩ።"

ፍራጂ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። "እኔ እኮ ቀልዴን ነው..."

"አንተ አይደለህም ፍራጂ። ያንተን ቀልድ ለምጄዋለሁ፤ እንደ ውርጭ ነው፣ ያልፋል።"

"ታዲያ ማነው?" አሉ ረቢው። ድምፃቸው የዳኛ ነው፤ እጃቸው ግን ጢማቸውን መፍተል ጀምሯል።

ሳሲ መሬት መሬቱን አየ። ስሙ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ቢጠራው ነጻ ይወጣል፣ መይሳንም ያገኛል፤ ጢማቸው የነጣ ሽማግሌ ግን በገዛ ምኩራባቸው ይዋረዳሉ።

"ስሙን አልናገርም።"

"ሳትናገር ልፈታህ አልችልም።"

"አውቃለሁ ረቢ።"

"የምታጣውንም ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ" አለ ሳሲ። "እርስዎ እኮ ነዎት ያስተማሩኝ፤ ሰው በጉባኤ አይዋረድም ብለው።"

ከመጋረጃው ጀርባ አንዲት ሴት ሳለች። ረቢ ኻሙስ ያንን ሳል ያውቁታል፤ ሟች ሚስታቸው እንዲሁ ነበረች፣ ሲሳሳቱ በቃል ሳትናገር የምትስል። መይሳ የወረሰችው ከእናቷ ነው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ከዚያ ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡ።

"እኔ ነኝ" አሉ።

ጉባኤው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ።

"ልጄን ሊጠይቅ ቤቴ መጣ። አባቶችህ ምን ተሸከሙ ብዬ መለስኩት። ፍራጂ የቀለደው የእኔን ቃል ይዞ ነው፤ እኔም ቁጭ ብዬ ሰማሁ።" መነጽራቸውን አወለቁ። "መምህሬ ሲያርፉ አስታውሳለሁ። ኦሪትን ከፊደል ጀምሮ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ዓይናቸውን የከደነው ሳሲ ነው። ከአልጋ አንሥቶ የተሸከማቸው ሳሲ ነው። እኔ መንገድ ላይ ቆሜ ቀስ በል እያልኩ እጮህ ነበር። አባቶቼ በር ተሸክመዋል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ምን እንደተሸከምኩ እግዜር ይወቀው። እና ምክንያቱ ያሳምናል። ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል?"

ረቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ ዳኝነት ድምፃቸው ተመለሱ።

"ሳሲ ጨዋ ነው። አባቱም ጨዋ፣ አያቱም ጨዋ። በሉ።"

"ጨዋ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ጨዋ ነው" አለ ጉባኤው። ያን ያህል ካህን በአንድ ሰው ተራነት እንዲያ ሲደሰት ታይቶ አይታወቅም። ፍራጂ ከሁሉ በላይ ጮኸ።

ጋጋሪው ለእናቱ ሊነግር በረረ። ወዲያው እያለከለከ ተመለሰ።

"ምን አሉ?" አለው ሳሲ፣ ሊሄድ እየተነሣ።

"'ጨዋ ሆነልኝ? እንግዲያውስ ምን ያስቸኩለኛል' ብላ ሾርባ አዘዘች።"

መንገድ ላይ የከረሙት ሁሉ ወደየቤታቸው ሊሄዱ ቃጡ፤ ረቢው በዓይናቸው መለሷቸው። መጽሐፉ ወጣ፤ ሳሲ አንደኛ ተጠርቶ ተነሣ። አንድ ቃል ተሳሳተ። ረቢ ኻሙስ ከጎኑ ቆመው ሳይቆጡ አረሙት።

ከዚያ ካህናቱ ጫማቸውን አውልቀው ወጡ። ሳሲ አግዳሚው ላይ ብቻውን ቆሞ ዓይኑን ሰበረ፤ ይባርክህ ሲሉት አሜን አለ። የጋጋሪው ተረከዝ ጨርሶ አልቋል። በሲባጎ ታስሮ የነበረው የረቢው ጫማም እዚያው ነበር፤ ሲባጎው ግን ተፈቷል። ይጠብቅህ ሲሉት አሜን ለማለት ድምፅ አጣ፤ እንባው ነበር የሚወርደው።

ቡራኬው አልቆ ሰዉ ሲበተን፣ ረቢ ኻሙስ በባዶ እግራቸው ወደ እሱ መጡ። አፉን የከፈተውን ጫማ በእጃቸው ይዘውታል።

"ሳሲ።"

"አቤት ረቢ።"

"ይኼ ለሰርጉ ይደርሳል?"

ሳሲ ጫማውን ተቀብሎ እንደ ልማዱ ገለበጠው፤ ሶሉን በአውራ ጣቱ ተጫነው። "ሰርጉ መቼ ነው?"

"ቶሎ ይሁን" አሉ ሽማግሌው። "ቤቴ ያለው ቢላ ሁሉ በሸበጥ ክር ደንዟል።"

ሳሲ ጫማውን ብብቱ ሥር አጥብቆ ያዘና ወጣ።